በግ ይዞ አንበሳ ፍለጋ

በእኛ አገር ሰው በረሃ የሚወርደው በሦስት ምክንያት ነው። አንድም ደም ተቃብቶ ወይም ከመንግሥት ተጣልቶ ይሸፍታል፤ አንድም ዓለም በቃኝ ብሎ ይመንናል፤ አንድም ሰሊጥ ሊያጭድ ይሄዳል። ለመጀመሪያው ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት የቋራው ካሣ ይበቃሉ። ለሁለተኛው የማኅበረ ሥላሴ መነኮሳት አሉ። ለሦስተኛው አጎቴን የሚያህል ምስክር አይገኝም፤ በጉብዝናቸው ወራት ሰባት ዓመት ሙሉ ከቋራ ገዳሪፍ እየተመላለሱ የሰው ማሳ አርመዋል፣ አጭደዋል። አራተኛ ምክንያት አለ ያለን ሰው ግን አልነበረም። «እገሌ ሊዝናና በረሃ ወረደ» የሚል ወሬ መንደራችን ቢደርስ ኖሮ፣ ሰውየውን ጠበል ለመውሰድ ዘመድ አዝማድ መዋጮ ይጀምር ነበር።

እኔ አራተኛውን የተማርሁት እዚያው ገዳሪፍ ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከገበያ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቿ፤ «ገበያውን የጨረሰ ይሂድለት» እንደ ማለት። እኔ ገበያዬን ሳልጨርስ ዓመታት ተቀመጥሁ። ሥራዬ ከአንድ የሰሊጥ ነጋዴ ዘንድ ሒሳብ መጻፍ ነበር፤ ቀን ጆንያ እቆጥራለሁ፣ ማታ የጎንደር ልጅ ከምታፈላው ጀበና ሥር ቁጭ ብዬ የአገሬን ወሬ እሰማለሁ። ከዚህ ውጭ መዝናኛ አላውቅም ነበር።

ሱዳኖች ግን ያውቁበታል። አርብ በመጣ ቁጥር «ሪህላ» ይወጣሉ። ሪህላ በቁሙ ጉዞ ማለት ነው። ሲፈታ ግን ምንጣፍ፣ ብረት ድስት፣ ከሰል፣ አንድ በግና አሥራ አምስት ዘመድ በአንድ ቦክሲ ላይ ጭኖ ጥላ መፈለግ ነው። ቦክሲ የሚሉት ኋላው ክፍት የሆነውን ቶዮታ ነው። ጥላው ሲገኝ ምንጣፉ ይዘረጋል፣ በጉ ይታረዳል፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ «ኢትፈደል!» ይባላል፤ እንብላ ማለት ነው። ጎረቤቶቼ ያልጋበዙኝ አርብ የለም። ችግሩ አርቡ ራሱ ነው። ለእነሱ የሳምንቱ ትልቁ የሥጋ ቀን ለእኛ ጾም ነው። ስንቱን አርብ ከሃያ በላተኛ መሐል ተቀምጬ ቲማቲም ስገምጥ ዋልሁ! በጎረቤቶቼ ዘንድ የሀበሻ ሆድ ሥጋ የማይችል ደካማ ሆድ ነው ተብሎ ተመዝግቦ ይሆናል።

የካቲት 2010 ዓ.ም. አጎቴ ዐይናቸውን ሊታዩ ከቋራ መጡ። ሐኪሙ ጠብታ አዘዘላቸውና አንድ ምክር ጨመረ፤ አቧራ እንዳይነካቸው። በዚያው ሳምንት ጎረቤቴ፣ የላንድክሩዘር ሹፌር ነው፣ ለእንግዳዬ ክብር ሲል ተራ ሪህላ ሳይሆን የሪህላዎች ሁሉ አባት የሆነውን አሰበ፤ ዲንደር። ሐሙስ ጎሕ ሳይቀድ ወጥተን ቅዳሜ ልንመለስ። ከገዳሪፍ እስከዚያ ያለው መንገድ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ ከሐኪሙ ምክር ጋር የዚህን ያህል የሚቃረን ነገር ማቀድ ራሱ ችሎታ ይጠይቃል።

ዲንደርን እንግሊዞች በ1935 እ.ኤ.አ. ነው ብሔራዊ ፓርክ ብለው የከለሉት። ስፋቱ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከፊሉ በገዳሪፍ፣ ከፊሉ በሲናር፣ ከፊሉ በብሉ ናይል ክፍለ ግዛት ነው። ምሥራቃዊ ጫፉ የእኛን ድንበር ይነካል፤ እዚያ ሲያበቃ የእኛው አላጥሽ ይቀጥላል፤ በ1998 ዓ.ም. የተከለለ፣ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር። ይህን ሁሉ ለአጎቴ በቁጥር ብነግራቸው እንደማይገባቸው አውቄ «አዲስ አበባ ወደ ሃያ ጊዜ ትገባበታለች» አልኋቸው። አዲስ አበባን አንድ ጊዜ አይተዋታል፤ መርካቶ ውስጥ ጠፍተው ግማሽ ቀን ተፈልገዋል። ትንሽ አሰቡና፦

«ይህ ሁሉ መሬት ሳይታረስ?» አሉ።

«ሳይታረስ።»

«ታመው ነው?»

ዕቃ ሲጫን ነገሩ ከፋ። የእኛ ስንቅ የዐቢይ ጾም ስንቅ ነው፤ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ሽንብራ፣ ጀበናና ሲኒ። የጎረቤቴና አብሮን የሚሄደው የሚስቱ ወንድም ጭነት ሁለት ምንጣፍ፣ አንድ አንግረብ፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ አምስት ኪሎ ስኳርና አንድ በግ ነው። አንግረብ በጠፍር የተጠለፈ የእንጨት አልጋ ነው፤ እኛም በቆላው እንዲሁ እንጠራዋለን። በጉ ደግሞ ደህና በግ ነበር፤ ነጭ ሆኖ ጆሮው ጠቆር ያለ፣ የነገሩን አዝማሚያ ሳይወድ ያየ። ከአልጋው እግር ጋር ታሰረ። አጎቴ ዞረው ዞረው አዩት።

«ይህ ወዴት ነው?»

«ከእኛ ጋር ነው።»

«ምን ልናይ ነበር የምንሄደው?»

«አንበሳ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኛስ አንበሳ እንይ፤ እሱስ ምን እንዲያይ ነው?»

ሳይነጋ ወጣን። ከገዳሪፍ ስትርቅ መጨረሻ ከዐይን የሚጠፋው የከተማዋ የእህል ጎተራ ነው፤ 100,000 ቶን የሚውጥ፣ በሜዳው ላይ እንደ ግንብ የቆመ። ከዚያ በኋላ ሜዳው ብቻ ነው። ዛፍ የለም፣ ጉብታ የለም፣ የማሽላ ቆረንና የተሰነጣጠቀ ዋልካ ሰማይ እስኪነካ ተዘርግቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ግድም እንግሊዞች ለሠራዊታቸው ስንቅ ብለው ትራክተር ካስገቡበት ጊዜ ወዲህ ጫካው እንዲህ ተላጭቷል። ለእኔ ያ መሬት ባዶ ነው። ለአጎቴ ግን የሕይወት ታሪክ ነበር። መስኮቱን ዘግተው፣ ዐይናቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ በአንድ ዐይን ብቻ እያጮለቁ ይተርኩልኛል፦ «ይችን እኔ ነኝ ያረምኋት። እዚያ ማዶ ጓደኛዬን እባብ ነደፈው። ከዚያች ጉድጓድ ውሃ ጠጥተን ሦስት ቀን ተኛን።»

ሰሊጥ ጨካኝ እህል ነው። ደርሶ አፉን ከከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ሳይከፍት ማጨድ ግድ ነው፤ የሁሉም ማሳ ደግሞ በአንድ ሰሞን ይደርሳል። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት ከደጋው ሰው እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ከደጋ ለአንድ ሰሞን የሚመጣው ወፈር ዘመት ይባላል፤ በቆላው ከርሞ ከማሳ ማሳ የሚዞረው ሳሉግ ነው። አጎቴ ወፈር ዘመት ሆነው ጀምረው ሳሉግ ሆነው ጨርሰዋል፤ ዕድገት ማለት ይኼ ነው ይላሉ። አሁን በዚያው ማሳ መሐል በላንድክሩዘር፣ ያውም ከፊት ወንበር፣ ሲያልፉ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ኩራት ልበለው ወይ ሐፍረት እስከ ዛሬ አልወሰንሁም።

ሀዋታ ስንደርስ ወንዝ አጋጠመን። የካቲት ስለሆነ ውሃው የለም፤ አሸዋና እዚህም እዚያም የተቋጠረ ኩሬ ብቻ ነው። ሹፌሩ በኩራት «ራሀድ» አለ። አጎቴ ወረዱ፣ ወደ ላይ ወደ ምሥራቅ አዩ፣ አሸዋውን በእግራቸው ጫሩ።

«ይህማ ሽንፋ ነው።»

«ላ! ራሀድ።»

«ሽንፋ ነው፤ በአገሬ ነው የሚያልፍ።»

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ያው አንድ ወንዝ ነው። ይህን በሁለቱም ቋንቋ ባስረዳ ሁለቱም አኮረፉኝ። በመጨረሻ አጎቴ ፍርዱን ሰጡ፦ «እኛ ሽንፋ ብለን የሰደድነውን እናንተ ራሀድ ብላችሁ ተቀበላችሁት። ደህና ነው፤ ውሃውን ግን የት አደረጋችሁት?»

ከሀዋታ ወዲያ ኔትወርክ ስለማይኖር አጎቴ ወደ ቤት መደወል ፈለጉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያሻል። የዲንደር እንግዶች የሚያድሩበት ሰፈር ከገለጉ ወንዝ ዳር ነው፤ ስሙም ገለጉ ነው። የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ ደግሞ፣ የአጎቴ ቤት ያለበት፣ እሷም ገለጉ ናት። አጎቴ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ጮኹ፦ «ደህና ነኝ! ዛሬ ማታ ገለጉ ነው የማድረው!»

ባለቤታቸው ከወዲያ «እሰይ! እንግዲያው እራት ልሥራ?» ሲሉ እኔም ሰማሁ። አጎቴ ሊያስረዱ አፋቸውን ሲከፍቱ ሒሳቡ አለቀ። ቅዳሜ ገዳሪፍ እስክንመለስ ድረስ እኒያ ሴት ሽሮ እያሞቁ ሁለት ሌሊት ጠብቀዋል። ዛሬም ድረስ ነገሩን ብንተርክላቸው አያምኑንም፤ ገለጉ አንድ ናት፣ አጎትህም እዚያ አልነበሩም ይላሉ።

የፓርኩ መግቢያ ኬላ ላይ አጎቴ ጠፉ።

በሱዳን የዱር እንስሳት ጥበቃ ከፖሊስ ሥር ነው፤ ጠባቂዎቹ ማዕረግ ያላቸው፣ ዩኒፎርም የለበሱ ፖሊሶች ናቸው። ይህን አስቀድሜ ልነግራቸው ይገባ ነበር። ሱዳን የኖረ ሀበሻ «ከሻ» የምትለውን ቃል በሕልሙም ያውቃታል። ፖሊስ መንገድ ዘግቶ ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለውን እየለቀመ የሚጭንባት ናት። አንዱ «ከሻ!» ብሎ ከጮኸ የሻይ ቤት ወንበር ሁሉ ባዶ ይቀራል። አጎቴ ዩኒፎርሙን እንዳዩ ከመኪናው በማዶ በር ወርደው ከኬላው ኋላ ካለ ቁጥቋጦ ገብተው ኖሯል። የወጡት በሩብ ሰዓት ልመና ነው። ቪዛቸው ሙሉ፣ ፓስፖርታቸው አዲስ፤ እግራቸው ግን ሠላሳ ዓመት የቆየ ልማዱን አልተወም።

ጠባቂው ግን ለአጎቴ ግድም አልሰጠው። ዐይኑ ያረፈው በጉ ላይ ነው።

«የቤት እንስሳ አይገባም» አለ።

ሕጉ ሕግ ነው፤ ምክንያትም አለው። በበጋ ሜዳው ሁሉ ሲደርቅ ሣርና ውሃ የሚቀረው ፓርኩ ውስጥ ነው። አርብቶ አደሩ ከብቱን፣ ግመሉንና በጉን በሺህ እየነዳ ይገባል፤ ሣሩ ያልቃል፣ የከብት በሽታ ወደ አውሬው ይሻገራል። ከውጭ ደግሞ እርሻው ገፍቶ ገፍቶ ወሰኑ ሥር ደርሷል። ስለዚህ የሚገባ በግ ይያዛል። ጎረቤቴ ተከራከረ።

«ይህ ለግጦሽ አልመጣም፤ ለምሳ ነው።»

«በእግሩ እስከቆመ ድረስ ከብት ነው።»

«ካልቆመስ?»

«ካልቆመ ሥጋ ነው። ሥጋ ይገባል።»

በጉ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሕጋዊ ሆነ። ከብሔራዊ ፓርኩ አፍ ላይ፣ ከመንገዱ ዳር፣ አንበሳ ሳያይ አረፈ። ቀኑ ሐሙስ እንጂ አርብ ባይሆንም ዐቢይ ጾም ነውና እኔና አጎቴ ጀርባችንን ለጥብሱ ሰጥተን ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ወደ ኢትዮጵያ ስናይ ቆየን። ጎረቤቴ እያዘነ ጠየቀኝ፦ «ያ ዞል፣ አጎትህም ሆዳቸው ያማቸዋል?»

ክፍያው ላይ ሌላ ወግ ነበር። ለአገሬው ሰው አንድ ዋጋ፣ ለውጭ ሰው ሌላ ዋጋ ነው፤ ደረሰኙም ላይ «አጅነቢ» ተብሎ ይጻፋል። አጎቴ ማኅተም የተመታበትን ወረቀት ተቀብለው ምን እንደሚል ጠየቁኝ።

«የውጭ ዜጋ ይላል። ፈረንጅ እንደ ማለት።»

«እኔን?»

«አንቱን።»

ደረሰኙን አራት ጊዜ አጥፈው ከክታባቸው ጋር በኪሳቸው ከተቱት። ሰባት ዓመት የዚህን አገር ማሳ ሲያርሙ ስማቸውን የጻፈላቸው አልነበረም፤ ዛሬ አንድ ሣር ሳይነቅሉ ወረቀት ተሰጣቸው።

ምንጣፉ የሚዘረጋበት ጊዜ ሲደርስ ጎረቤቴ ደህና ግራር መረጠ። የሪህላው ነፍስ ጥላ ነው። አጎቴ ግን ግንዱን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ ምንጣፉን ይዘው ከጥላው እየጎተቱ አወጡት።

«ዋልካ ላይ፣ ግራር ሥር አልቀመጥም።»

ይህን ያሉት ቀልደው አልነበረም። በዚህ ቆላ ካላዛር የሚሉት በሽታ አለ። የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ከትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት፣ ቀን በዋልካው ስንጥቅና በዛፍ ቅርፊት ውስጥ ተደብቃ ሌሊት የምትወጣ። ሳሉጉ ሲደክመው የሚጋደመው ደግሞ ግራር ሥር ነው፤ ሌላ ቤት የለውም። ወር አልፎ ትኩሳቱ ይመጣል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ይመነምናል፤ ካልታከመ ይሞታል። አጎቴ የመጀመሪያውን ዓመት አብሯቸው የወረደውን ያገራቸውን ልጅ የቀበሩት በዚህ ነው። ጎረቤቴም ነገሩን ያውቀዋል፤ በገዳሪፍ ካላዛር ብዙ መንደር ደርሷል። ዝንቧ በቀን አትናከስም ሊል አሰበና ተወው። ሃያ አዲስ አበባ በሚያህል ዱር ውስጥ፣ ጥላው ሁሉ የእኛ ሆኖ ሳለ፣ አራት ሰዎች ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሻይ ጠጣን።

አሁን ወደ ውበቱ ልመለስ፤ ስለ እሱ ሳልናገር ብቀር ግፍ ነው። ዲንደርን ዲንደር ያደረገው «ማያ» የሚሉት ነገር ነው። ወንዙ በየዘመኑ መንገዱን እየቀየረ ሲጓዝ ጥሎት የሚሄደው ማጭድ የመሰለ ረግረግ ነው። በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ቀስ እያለ ይጎድላል፤ ዙሪያው አመድ ሲሆን እሱ አረንጓዴ ነው። ፓርኩ ለእንግዳ ይከፈት የነበረውም በበጋ ብቻ ነበር፤ ክረምት ከገባ ያ ዋልካ እንኳን መኪና ሐሳብም አያሳልፍ። ከአንዱ ማያ ዳር ስንደርስ ሞተር ጠፋ። ጭቃው ይንቀሳቀሳል። ልብ ብዬ ሳይ አምባዛ ነው፤ ውሃው ሲያልቅበት እርስ በርሱ ተደራርቦ አፉን የሚከፍት አምባዛ። ዳሩን አባ ኮዳዎች ከበውታል፤ በራ ራስ፣ የተንጠለጠለ ከረጢት፣ እጃቸውን ኋላ ያጣመሩ ዳኞች ይመስላሉ። አንዱ ክንድ የሚያህል ዓሣ አነሣ። ዓሣው በአንገቱ በኩል ሲወርድ፣ ሲንፈራገጥ፣ አንገቱ እየተነፋ እየሟሸሸ፣ ወፉ ዐይኑን እንኳ ሳያርገበግብ! አጎቴ ራሳቸውን ረስተው «ቀስ በል እንጂ!» አሉት። ማዶ ከሣሩ ውስጥ ቦሆሮች ቀና ቀና ብለው አዩንና እኛ የማንረባ መሆናችንን አውቀው ግጦሻቸውን ቀጠሉ። ከኋላቸው ደፈርሳ፣ ከዚያ ወዲያ ከርከሮ ከነልጆቹ፣ ጅራቱን እንደ አንቴና ቀጥ አድርጎ።

እኔ በመነጽር ስፈልግ አጎቴ በታመመ ዐይናቸው ቀድመው ያያሉ። ግን እንደ እኔ አያዩም። እኔ «እንዴት ያምራል!» ስል እሳቸው «የበቆሎ ጠር» ይላሉ። ለገበሬ ከርከሮ የሌሊት ሌባ ነው፤ ዝንጀሮ የቀን። ሰፈሩ ስንደርስ ዝንጀሮ በግቢው ሲንጎማለል ሲያዩ ያደረጉት የታወቀ ነው፤ ድንጋይ አነሡ። አብሮን የተመደበው ጠባቂ «ያ ሀጅ! ያ ሀጅ!» እያለ ሮጦ እጃቸውን ያዘ።

«ምን አለ?»

«እዚህ ዝንጀሮው የመንግሥት ነው አለ።»

አጎቴ ድንጋዩን ጣሉ። «ነግሬሃለሁ፤ ታመዋል።» ይህን ሲሉ የመንግሥት ዝንጀሮው ከኋላችን አምስት ኪሎውን ስኳር ከነከረጢቱ ይዞ ዶም ዛፍ ላይ ወጣ። ሻያችንን እስከ ቅዳሜ መራራ ጠጣን። ሱዳናዊ ያለ ስኳር ሻይ ሲጠጣ ማየት ከአንበሳ ይልቅ ብርቅ ነው፤ ስለዚህ ጉዞው ከንቱ አልነበረም።

ለመዝናናት በረሃ መውረድን እዚህ አገር ያስጀመረው ማን ይሆን ብዬ አስቤ አውቃለሁ። ሳሙኤል ቤከር የሚባል ሀብታም እንግሊዛዊ በ1861 እና 1862 እ.ኤ.አ. ኋላ ካገባት ከፍሎረንስ ጋር ሆኖ ሰቲትን፣ አንገረብን፣ ራሀድንና ዲንደርን እየተከተለ ሲያድን ከርሟል፤ መተማም ደርሷል። ሀምራን የተባሉት ዐረቦች ዝሆን በሰይፍ ሲጥሉ አይቶ ጽፏል፦ አንዱ በፈረስ ከፊት ከፊት እየሮጠ ዝሆኑን ያስቆጣዋል፣ ሌላው ከኋላ ደርሶ ከፈረሱ ይወርድና ቋንጃውን ይቆርጠዋል። ለእነሱ ኑሮ ነው፤ ለእሱ ጨዋታ ነበር። አጎቴ ታሪኩን ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሚስቱንም ይዟት ወረደ?»

ሌሊቱን ከዳሱ ውጭ ተኛን። አንግረቡ ለአጎቴ ተሰጠ፤ ጎረቤቴ «ሽማግሌ ከፍ ይበል» አለ። ከፍ ማለቱን አልወደዱትም፤ አውሬ ከሩቅ ያየኛል ብለው አልጋውን በሦስታችን መሐል አስጎተቱት። እኩለ ሌሊት አልፎ ይሆናል፣ መጣ። እንደ ፊልም አይደለም። ከሩቅ ከባድ ሣጥን በሲሚንቶ ላይ የሚጎተት የሚመስል ድምፅ ነው፤ በጆሮ ከመሰማቱ በፊት በደረት ይገባል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ እያጠረ እያጠረ ሄዶ ዝም። ጎረቤቴ ዓሥር ጊዜ መጥቶ ሰምቶት የማያውቀውን አንበሳ በመስማቱ ተንቀጠቀጠ። እኔም ያነበብሁትን ማውራት ጀመርሁ፤ ስፈራ አፌ አያርፍም።

በጥር 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ዓለምን የዞረ ዜና ነበር። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቦርን ፍሪ ከሚባለው የእንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅት ጋር ሆነው አላጥሽ ገቡ፣ ካሜራ ሰቀሉ፣ ዱካ ለዩ፤ አንበሳም በፎቶ ተነሣ። በአላጥሽና በዲንደር በድምሩ ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሳይኖር አይቀርም ተባለ። ጋዜጣው ሁሉ የማይታወቅ የአንበሳ መንጋ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ ብሎ ጻፈ።

አጎቴ በጨለማው ውስጥ ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ተገኘ?»

«አዎ።»

«ማን ደብቆት ነበር?»

«ማለቴ፣ መኖሩ አይታወቅም ነበር።»

«ያባቴን ሁለት በሬ የበላው ማን ነበርና?»

መልስ አልነበረኝም። ፀጥታው ሲረዝም ጨመሩ፦ «ሊጠይቁን ቢመጡ ቤቱን እናሳያቸው ነበር። ካሜራውን ምን አስቸገራቸው?» ከዚያ ያ የገዳሪፍ ሐኪም ያዘዘውን ጠብታ በጨለማ ጠብ ጠብ አድርገው፣ አንበሳው እያገሳ፣ እንቅልፋቸውን ለጥ አሉ። ሦስታችን እስኪነጋ አልጋቸውን ስንጠብቅ አደርን።

አንበሳ በዐይናችን አላየንም። ዱካውን አየን፤ የእጄን መዳፍ አጠገቡ አሳርፌ ወዲያው አነሣሁት። ቅዳሜ አመሻሽ ገዳሪፍ ስንገባ አራታችንም ከዋልካው አንድ ዓይነት ቀለም ይዘን ነበር፤ ሱዳናዊና ሀበሻ የሚለየን ጠፍቶ ሠፈርተኛው ቆሞ ሳቀብን። የአጎቴ ዐይን ግን በሚገርም ሁኔታ ተሽሎ ነበር፤ ሐኪሙ በሳምንቱ ሲያያቸው «ምክሬን ጠብቀው ነው» ብሎ አመሰገናቸው።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሱዳን የምታውቁት ጦርነት ውስጥ ናት፤ የዲንደር ከተማም ከእጅ ወደ እጅ ተዛውራለች። እኔም ገበያዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ጎረቤቴ አልፎ አልፎ ይደውልልኛል፤ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የአጎቴን ሆድ ነው።

አጎቴ ያችን ደረሰኝ አልጣሏትም። ባለፈው ከገንዳ ውሃ ወደ ጎንደር አብረን ስንመጣ አንድ ኬላ ላይ ሁላችንንም አውርደው ፈተሹን። ፈታሹ ገና ልጅ ነው፤ ከአጎቴ ኪስ ክታቡን፣ መታወቂያውን፣ በመጨረሻም አራት ጊዜ የታጠፈችውን ወረቀት አወጣ። ዐረብኛውን ገልብጦ አየው፣ ማኅተሙን አየ፣ እሳቸውን አየ።

«አባት፣ ይህ ምንድን ነው?»

«በረሃ ገብቼ የወጣሁበት ደረሰኝ ነው።»

ነጠላቸውን ከኋላ ጎተትሁ። በዚህ ዘመን፣ በዚህ መንገድ፣ ለዩኒፎርም ለባሽ የሚነገር ቃል አይደለም። የልጁ ፊት ጠቆረ።

«ምን ሊያደርጉ ገቡ?»

«ልዝናና።»

ልጁ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ወደ ዳሱ ዞር አለና ተጣራ፦ «አለቃ! አንዴ ብቅ በልማ፤ እኒህ አባት ያሉትን ለአንተ ይድገሙልህ።»